ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ ላይ፣ አንዱ ሕግ ሊማር፦ መደበኛ፣ ማታ፣ ክልል ወይስ ውጭ?

ይህ ጽሑፍ ሕግ ለመማር ላሰቡ፣ ግን ብቻቸውን ላልሆኑ ሰዎች ነው። ባለትዳር ናችሁ፣ ወይም ቀለበት አስራችኋል። አንዳችሁ ካዛንቺስ ቢሮ አላችሁ፣ ሌላችሁ ሜክሲኮ ባንክ ትሠራላችሁ እንበል። ከሁለት አንዳችሁ «ሕግ ልማር» ብላችኋል። ብዙ ጊዜ ወዲያው የሚከተለው «የት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ነው። የዩኒቨርሲቲ ስም ይጠራል፣ ክፍያ ይጠየቃል፣ ማስታወቂያ ይፈለጋል።

ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የማይማረው ሰው ሥራ ከቦታ ቦታ ያንቀሳቅሳል ወይስ አያንቀሳቅስም? ሕግ ከብዙ ሙያዎች በተለየ ሰውን ከቦታ ጋር የሚያስር ሙያ ነው። የትዳር ጓደኛችሁ ሥራ ነገ ድሬዳዋ፣ ከነገ ወዲያ ናይሮቢ የሚወስድ ከሆነ፣ ምርጫችሁ ሁለታችሁም ከከተማ ከማትወጡት ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። አማራጮቹን ሁሉ በዚህ ዓይን ነው የማወዳድራቸው።

ሕግ ለምን ከቦታ ጋር ያስራል?

አካውንታንት ሐዋሳ ቢዛወር እዚያም ሒሳብ ይሠራል። ጠበቃ ግን ፈቃዱ የሚሠራው በተወሰኑ ፍርድ ቤቶች ነው። የፌዴራል የጥብቅና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚመራ ነው፤ የሚያቆማችሁም በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነው። ክልሎች ደግሞ ለራሳቸው ፍርድ ቤቶች የራሳቸውን ፈቃድ ይሰጣሉ። ልደታ ምድብ ችሎት ላይ ስማችሁ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ የትዳር ጓደኛችሁን ተከትላችሁ ክልል ብትሄዱ ፈቃዱን እንደገና መጠየቅ ይመጣል።

ቋንቋም አለ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአማርኛ ይሠራሉ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ፣ የትግራይ በትግርኛ ይሠራሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ አቤቱታው ግን በችሎቱ ቋንቋ ይጻፋል። ሁለት ቋንቋ አጥርቶ የሚጽፍ ሰው ሰፊ ሜዳ አለው። ይህን ከማመልከት በፊት አስቡበት።

ሦስተኛው ምክንያት ደንበኛ ነው። ለጀማሪ ጠበቃ ደንበኛ የሚመጣው በሰው በሰው ነው። አንድ የውርስ መዝገብ በደንብ የያዘላቸው ቤተሰብ ለጎረቤት ይናገራሉ፣ ጎረቤት ለዘመድ። ይህ መረብ በአንድ ከተማ ውስጥ በዓመታት ይሠራል፤ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ዳኛና ዐቃቤ ሕግ መሆን ለሚፈልግም ነገሩ ያው ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በዋናነት የሚያስችሉት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። በክልል መዋቅር የገባ ግን የሚመደበው ክፍት ቦታ ያለበት ወረዳ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሥራውን የሚለቀው ማን ነው? ተማሪው ተመርቆ ሲመደብ፣ እስካሁን የደገፈው የትዳር ጓደኛ ቦታውን ትቶ ሊከተል ይሆን? ይህ ጥያቄ ከምረቃ በኋላ ሲነሳ ያጋጫል፤ ከማመልከት በፊት ሲነሳ ግን የአንድ ምሽት ወሬ ነው።

ከሁሉ ቀለል የሚለው የነገረ ፈጅ ሥራ ነው። ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ትልልቅ ኩባንያ፣ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የሕግ ክፍል አላቸው። ደመወዙ በየወሩ ይገባል፣ ሰዓቱ ይታወቃል። የትዳር ጓደኛው ሥራ ገቢው ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ለምሳሌ ነጋዴ ወይም በኮንትራት የሚሠራ ባለሙያ ከሆነ፣ ይህ መስመር ቤቱን ያረጋጋል። ግን ዋና መሥሪያ ቤቶቹ የተሰበሰቡት ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ሰንጋ ተራና ሜክሲኮ ባለው አካባቢ ነው። እሱም አዲስ አበባ ነው።

ሁለታችሁም አዲስ አበባ የምትቆዩ ከሆነ፦ ቀን ወይስ ማታ?

እዚህ ዋናው ስም ስድስት ኪሎ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ በችሎትና በሚኒስቴር ከምታዩዋቸው የሕግ ሰዎች ብዙዎቹ እዚያ ግቢ አልፈዋል። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ውጤት ወይም የቀድሞ ዲግሪ ብቻውን በር አይከፍትም። ቀኑን ተከታትላችሁ መፈተን አለባችሁ።

መደበኛው አምስት ዓመት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ትቀመጣላችሁ። የምስለ ችሎት፣ ማለትም ችሎት አስመስሎ የመከራከር፣ ውድድር ትገባላችሁ። በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል እውነተኛ ባለጉዳይ ፊት ትቀመጣላችሁ። መምህሩን ኮሪደር ላይ ታገኙታላችሁ። አብሯችሁ የሚማረው ልጅ ነገ ዳኛ ወይም የድርጅት የሕግ ኃላፊ ነው። ይህን ሁሉ የማታ ተማሪ የሚያገኘው በጥቂቱ ነው።

ዋጋው ደመወዝ መቅረቱ ብቻ ቢሆን ለማስላት ቀላል ነበር። የሚረሳው ሌላው ዋጋ የትዳር ጓደኛው ላይ የሚያርፈው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ብቸኛ ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ሥራ መልቀቅ አይችልም። አለቃው ቢያስመርረው ይታገሣል እንጂ አይወጣም። ደመወዙ ትንሽ ያነሰ፣ እድገቱ ግን የተሻለ ሥራ ቢመጣለት እምቢ ይላል። የራሱን ነገር ልጀምር ብሎ ያሰበው ይቆያል። ስለዚህ መደበኛው ትምህርት ከሁለት ሥራ አንዱን ያቆማል፣ ሌላውን ደግሞ ባለበት ያስቀምጣል። እኔ መደበኛውን የምመክረው ልጅ ለሌላቸው፣ ወጣት ለሆኑ፣ የሚሠራው ሰው ደግሞ በሚወደውና በሚያድግበት መሥሪያ ቤት ላለ ጥንዶች ነው። ለሌላው ይከብዳል።

ማታው ለብዙ የመሀል ከተማ ጥንዶች የሚመጥን መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ማክሰኞን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት 11፡30 ይወጣል። የማታ ትምህርት የሚጀምረውም በዚያው አካባቢ ነው። ሜክሲኮ የሚሠራ ሰው ቦርሳውን አንስቶ ሲወጣ ሰልፉ ተሠርቷል። ቀላል ባቡሩ ሰሜን ላይ ምኒልክ አደባባይ ጋ ያበቃል፣ ስድስት ኪሎ አይደርስም። ስለዚህ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ነው። በፒያሳ በኩል ወይ በአራት ኪሎ። ዝናብ ካለ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግማሹ አለቀ። ከሁለት ሰዓት አለፍ ብሎ ሲወጣ ግቢው በር ላይ ሌላ ሰልፍ አለ። ቤቱ ቀበና ከሆነ ቶሎ ይደርሳል። ጀሞ ወይም አያት ከሆነ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ልጅ ተኝቷል። እራት መሶብ ውስጥ ተከድኖ ይጠብቃል። ለነገ የሚነበብ የሰበር ውሳኔ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ አለ።

አሁን ያንኑ ማክሰኞ ከሌላው ወገን እዩት። ልጁን ከትምህርት ቤት የወሰደው፣ የቤት ሥራ ያሠራው፣ ራት ያበላው፣ ሳል ሲይዘው ክሊኒክ ያመላለሰው የማይማረው ሰው ነው። እሱም ሥራ ውሎ ነው የመጣው። አለቃው «ዛሬ ትንሽ አምሹ» ሲለው እምቢ ማለት ያለበት እሱ ነው። እድገት የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ለሚያመሸው ሰው ነው። የማታ ትምህርት እውነተኛ ክፍያ ይህ ነው። በየሴሚስተሩ የሚወሰደው ኮርስ ስለሚያንስ ደግሞ ከመደበኛው ዓመታት በላይ ይረዝማል።

ስለዚህ ማታን ስትመዝኑ የትዳር ጓደኛችሁን ሙያ በስሙ ጥሩት።

መምህር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆነ ምሽቱ የሚታወቅ ነው። ማታ ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ባንክ፣ ፋይናንስና ግዥ ክፍል ያለ ሰው ሰኔን ቤቱን አያይም። የሁለተኛው ሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሁለታችሁም አንድ ላይ ቤት የማትገኙበት ወር እንዳለ ከጥር ጀምራችሁ ካወቃችሁ እናት ወይም እህት ትጠራላችሁ። ካላወቃችሁ ትጣላላችሁ።

መርካቶ ወይም ሌላ ቦታ ሱቅ ያለው ከሆነ ጭንቁ ከበዓል በፊት ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ። ግብር ማሳወቂያው ከሐምሌ ይጀምራል። ይህ ከሕግ ትምህርት ካላንደር ጋር የሚስማማ ሥራ ነው። ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ ፈተና ሳምንት ላይ ሱቁን ቀደም ብሎ መዝጋት ይችላል።

ሐኪም ከሆነ፣ በተለይ የስፔሻሊቲ ትምህርት ላይ ያለ ሬዚደንት ከሆነ፣ ማታ ትምህርትና የሌሊት ተረኝነት አንድ ቤት ውስጥ አይገጥሙም። ልጅ ካለ ጨርሶ አይሆንም። አንዱ ይጨርስ፣ ሌላው ይጀምር። የበረራ አስተናጋጅም እንዲሁ ነው። የሳይት መሐንዲስ ግን ልዩ ነው። ሲሄድ ወር ሙሉ የለም፣ ሲመጣ ግን ሙሉ ቀን ቤት ነው። አያት ወይም የምትታመን ሞግዚት ካለች ማታው ይሄዳል። ከሌለች አይሄድም።

የመኖሪያ ሰፈር ከትምህርት ቤቱ ስም ጋር እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ማታ ለመማር የወሰነ ጥንድ ቢቻለው ወደ አራት ኪሎ፣ ቀበና፣ ፈረንሳይ ወይም ሽሮ ሜዳ ይጠጋ። በየቀኑ የሚተርፈው ሰዓት የንባብ ሰዓት ነው። ችግሩ መሀል ከተማ ቤት ማግኘት ከድሮው ከብዷል። ፒያሳና ካዛንቺስ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ተከራይ የነበረውም ወደ ዳር ወጥቷል። ቤት ስታገኙ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፣ አስመዝግቡም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ለማታ ተማሪ ሁለት ዓመት ማለት አራት ሴሚስተር ሳይነቀል መማር ነው።

ከአሠሪ ጋርም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በግል ድርጅት ለሚሠራ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያው ዓመት የዓመት እረፍት 16 የሥራ ቀናት ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። እነዚህን ቀናት ለፈተና ሳምንት ከፋፍላችሁ ያዙ። የትዳር ጓደኛውም የእሱን እረፍት እዚያው ሳምንት ላይ ቢያደርገው ቤቱ ይተነፍሳል። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውጣትን የሚፈቅዱ አለቆች አሉ። በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ይሁን። አለቃ ይቀየራል።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ መሥሪያ ቤታችሁ ሠራተኛውን የሚያስተምርበት መንገድ መኖሩን ጠይቁ። ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም በሲኤምሲ በኩል የመንግሥት ሠራተኞችን በሕግ ሲያሠለጥን የኖረ ነው። ክፍያው ይቀልላል፣ ግን ከትምህርቱ በኋላ የማገልገል ግዴታ ያለበት ውል ትፈርማላችሁ። ያ ውል የእናንተ ብቻ አይደለም። የትዳር ጓደኛችሁ ውጭ ዕድል ቢያገኝ የምትቆዩት እናንተ ናችሁ፣ ወይ ገንዘቡን የምትመልሱት። ሁለታችሁም አንብባችሁ ነው መፈረም ያለበት።

ስለ ግል ኮሌጅ በአጭሩ። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የግል ተቋማት የሕግና የመምህርነት ትምህርት እንዳይሰጡ ያገደበት ታሪክ አለ። ስለዚህ የትኛውም የግል ተቋም ሕግ አስተምራለሁ ካለ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያ ፕሮግራም፣ ለዚያ ካምፓስ፣ ለዚያ ዓመት የሰጠውን ዕውቅና በዓይናችሁ እዩ። የተቋሙ ዕውቅና የፕሮግራሙ ዕውቅና አይደለም።

የትዳር ጓደኛው ወደ ክልል የሚሄድ ከሆነ

ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ጎንደር፣ ሐረማያ፣ መቀሌ፤ ሁሉም የሕግ ትምህርት ቤት አላቸው። ሁለት መንገድ ነው ያለው። አብሮ መሄድና እዚያ መማር፣ ወይም ተለያይቶ መቆየት።

ምደባው ለረጅም ጊዜ ከሆነ አብሮ መሄድ ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱ ያው ነው። ሕግ የሚያስረው በምትሠሩበት ቦታ ነው። ሐዋሳ ለመኖር የወሰነ ጥንድ ሐዋሳ የተማረ ጠበቃ ቢኖረው ከመምህሩ ጀምሮ እስከ ችሎቱ ሰው ያውቃል። ምደባው ለሁለት ዓመት ብቻ ከሆነ ግን አዲስ አበባ የጀመራችሁትን አትንቀሉ። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ ኮርስ ማዛወር ጊዜ ይበላል፤ ሁሉም ኮርስ ተቀባይነት አያገኝም።

ለጊዜው ተለያይቶ መኖር አሳፋሪ ነገር አይደለም። ሕጉ ራሱ አስቦበታል። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት መኖሪያቸውን በጋራ ይመርጣሉ ይላል። ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ተለያይተው ለመኖር መስማማትም እንደሚችሉ ደንግጓል። ስምምነቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉት። ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ በወር ስንቴ ማን ወደማን እንደሚመጣ፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ከየት እንደሚወጣ። ሐዋሳ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ዓርብ ማታ ወጥቶ እሑድ ይመለሳል። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ከሆነ መንገዱ ሙሉ ቀን ይበላል፤ የመንገዱ ሁኔታም ይለዋወጣል። የአውሮፕላን ትኬቱን በጀት ውስጥ አስገቡ።

መካከል ላይ ዝውውር ድንገት ቢመጣ ወይም ልጅ ቢወለድ፣ ትምህርቱን በዝምታ አትተዉት። ሬጅስትራር ሄዳችሁ ዊዝድሮው (የማቋረጫ ቅጽ) ሙሉ፣ ክሊራንስ ጨርሱ። እንዲህ የወጣ ሰው ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ጠይቆ ይመለሳል። ዝም ብሎ የቀረ ኤፍ ተከምሮ ይጠብቀዋል።

ኤል.ኤል.ቢ. (የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ) ላላችሁ፦ ሁለተኛ ዲግሪ እዚህ ወይስ ውጭ?

እዚህ ጥያቄው ይቀየራል። የመጀመሪያው ዲግሪ አልቋል፣ ምናልባት ፈቃዱም ተይዟል። ስድስት ኪሎ ኤል.ኤል.ኤም. (የሕግ ሁለተኛ ዲግሪ) መማር ሥራና ቤት ሳይነቀል የሚደረግ ነው። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ይላል። ንግድ ሕግ፣ ሰብዓዊ መብት፣ ሕገ መንግሥትና የሕዝብ ሕግ፤ ዘርፉን ምረጡ። የትዳር ጓደኛው ሥራ እዚህ እያደገ ከሆነ ይህ በቂና ጥሩ ነው። የውጭ ስም ስለሚያምር ብቻ የሁለት ሰው ሕይወት መንቀል አያስፈልግም።

ውጭ ከታሰበ ግን የቪዛው ሕግ ከዩኒቨርሲቲው ደረጃ ይቀድማል። ይህን ነው ብዙ ሰው የሚዘለው።

እንግሊዝ ኤል.ኤል.ኤም. አንድ ዓመት ነው። ቺቭኒንግ የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ከተማራችሁ በኋላም ሁለት ዓመት አገር ቤት እንድትቆዩ ያስገድዳል። የቤተሰብ ወጪ አይከፍልም። ከዚያ በላይ ደግሞ እንግሊዝ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮርስ ማስተርስ ለሚማሩ አብዛኞቹ ተማሪዎች የትዳር ጓደኛና ልጅ ይዞ መግባትን አቁማለች። በመንግሥት ስኮላርሺፕ የሚሄድ ሰው ልዩ ሁኔታ ይመለከተው እንደሆነ ያጣራ፤ ለሌላው ግን ውሳኔው ግልጽ ነው። አንድ ዓመት ለየብቻ። የትዳር ጓደኛው ሥራ እዚህ ከሆነና የማይነቀል ከሆነ፣ እኔ ይህን ጥሩ ስምምነት እለዋለሁ። አንዱ ይሄዳል፣ የሌላው ሥራ አይነካም፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱም እዚሁ ናቸው።

አሜሪካ ይለያል። ፉልብራይት የተባለውን የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሚያገኝ ሰው በጄ-1 ቪዛ ይሄዳል። አብሮት የሚሄደው የትዳር ጓደኛ ጄ-2 ይዞ የሥራ ፈቃድ ማመልከት ይችላል። በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ለሄደ ሰው ግን ኤፍ-2 ይዞ የሚከተለው የትዳር ጓደኛ መሥራት አይችልም። ሁለት ቪዛ፣ ሁለት የተለያየ ትዳር። አዲስ አበባ ጥሩ ሥራ የነበራት ሴት ኤፍ-2 ይዛ አፓርታማ ውስጥ አንድ ዓመት ስትቀመጥ ምን እንደሚሰማት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ፉልብራይት ደግሞ ሁለት ዓመት አገር ቤት የመመለስ ግዴታ አለበት።

ደቡብ አፍሪካም አለች። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብት ማዕከል የሚሰጠው የአፍሪካ ሰብዓዊ መብትና ዴሞክራሲ ኤል.ኤል.ኤም. የአንድ ዓመት ነው። ለሰብዓዊ መብት ሥራ ለሚያስብ ሰው በአህጉሩ ስሙ የታወቀ ነው፤ መንገዱም ቅርብ ነው።

የትዳር ጓደኛው ሥራ ቤተሰቡን ለዘለቄታው ውጭ የሚያስቀር ከሆነስ? የኢትዮጵያ ኤል.ኤል.ቢ. ብቻውን ሌላ አገር ችሎት አያቆምም። ኒው ዮርክን የመሰሉ አንዳንድ ግዛቶች የውጭ አገር የሕግ ምሩቅ ኤል.ኤል.ኤም. ጨምሮ፣ መመዘኛውን አሟልቶ ለጥብቅና ፈተናው እንዲቀርብ በር አላቸው። ይህን የሚያስብ ጥንድ ኤል.ኤል.ኤሙን ሲመርጥ የፈተናውን መመዘኛ ከፊቱ አስቀምጦ ይምረጥ። ገና ኤል.ኤል.ቢ. ያልጀመረ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ጉዞ ከፊቱ ካለ፣ አዲስ አበባ ላይ ረጅም የማታ ትምህርት አይጀምር። መሀል ላይ የሚቋረጥ የሕግ ትምህርት የሚያሳዝን ወጪ ነው። ፍላጎታችሁ ችሎት ሳይሆን የመብት፣ የፖሊሲ ወይም የስደተኞች ሥራ ከሆነ፣ በሰብዓዊ መብት የሚሰጠው ማስተርስ ሕግ ያልተማሩም ሲማሩበት የቆየ ነው፤ ከቦታ ቦታም ይሄዳል።

ማን ይቅደም?

ሁለታችሁም መማር ትፈልጉ ይሆናል። ወይም አንዱ ትምህርት፣ ሌላው እድገት። እኔ የምለው፣ ገደብ ያለው ይቅደም። ስኮላርሺፕ ብዙ ጊዜ የዕድሜ ወይም የልምድ ገደብ አለው። የስፔሻሊቲ ትምህርት አንዴ የተገኘ ቦታ ነው። የማታ ኤል.ኤል.ቢ. ግን በየዓመቱ ይከፈታል። ቀጥሎ የሚታየው ልጅ ነው። ልጅ ያሰባችሁ ከሆነና የምትማረው ሴቷ ከሆነች፣ የወሊድ ፈቃዱን ቁጠሩ። በአዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ነው። ለአባት የተሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። ይህ ማለት የሕፃኑ የመጀመሪያ ወራት ሸክም በሕጉ ሲታይ እናት ላይ ነው። አባት የዓመት እረፍቱን ለዚያ ካላስቀመጠ፣ ሴሚስተሩ በእሷ ትከሻ ላይ ብቻ ይወድቃል። «ትችላለች» ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ሌላ አዲስ ሥራ አትጀምሩ። የመመረቂያ ጽሑፍ አለ፤ ፍርድ ቤት ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቶ መለማመድ አለ፤ ያም በሥራ ሰዓት ነው። ከዚያ የመውጫ ፈተና ይመጣል። የሕግ ተማሪዎች ይህን ፈተና ሌላው የትምህርት ዘርፍ በ2015 ዓ.ም. ከመጀመሩ ዓመታት በፊት ጀምሮ ይፈተናሉ። ለማለፍ ግማሹን ማግኘት ይጠይቃል። ካልተሳካ ሌላ ዙር ይጠበቃል። ፈቃድ ለማውጣት ደግሞ የራሱ ፈተናና የልምድ ጥያቄ አለ። ስለዚህ «በዚህ ዓመት ተመርቄ በሚቀጥለው ቢሮ እከፍታለሁ» በሚል ሒሳብ የትዳር ጓደኛችሁ ሥራ አይልቀቅ። ዲግሪውን ከያዛችሁ በኋላም ቢያንስ የአንድ ዓመት ትንፋሽ ተዉለት።

ገንዘቡን በሁለት መስመር። መስከረም ላይ የእናንተ ምዝገባ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል አንድ ላይ ይመጣሉ። ዕቁብ የምትጥሉ ከሆነ ዕጣችሁ ነሐሴ ላይ እንዲወጣላችሁ ከዳኛው ጋር ከወዲሁ ተስማሙ። «የእኔ ደመወዝ፣ የአንተ ትምህርት» የሚለውን አነጋገር ደግሞ ተዉት። በቤተሰብ ሕጉ ሁለታችሁም በትዳር ውስጥ የምታገኙት ገቢ የጋራ ነው፤ የትምህርቱም ወጪ እንዲሁ።

በዚህ ሳምንት ልትጀምሩ ከሆነ ሁለት ቦታ ሂዱ። ተማሪው የቀድሞ ትምህርት ቤቱ ሬጅስትራር ሄዶ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በቀጥታ እንዲላክለት ይጠይቅ፤ የሚዘገየው እሱ ነውና። የማይማረው ሰው ደግሞ የራሱ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ሄዶ የዝውውር መመሪያውን ያንብብ፤ በስንት ዓመት እንደሚያዛውሩ፣ የትዳር ጓደኛ ትምህርት ላይ ላለ ሠራተኛ ዝውውር ማዘግየት ይፈቀድ እንደሆነ። መልሱን ይዞ ሲመጣ ነው የመግቢያ ፈተናው ክፍያ የሚከፈለው።